እጅህን ወደ ኋላ አድርግ

ደቡብ ኦሞ ውስጥ የበሽተኛው አንጎል የቱ ጋ እንደተጎዳ የሚናገረውን ምልክት ቀድሞ የሚሰማው ሐኪሙ አይደለም፤ አስተርጓሚው ነው። የሰማውን ግን ሳያውቀው አስተካክሎ ነው የሚያቀብለን። ይህን ነገር ጂንካ ላይ ነጭ ጋዋን የምንለብስ ሰዎች ማታ ተረኛ ክፍል ውስጥ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እናወራዋለን። በበሽተኛው ካርድ ላይ አይጻፍም፤ በወር ሪፖርትም ላይ ቦታ የለውም። ዛሬ ለእናንተ የምነግራችሁ፣ ነገ የአባታችሁ ወይም የእናታችሁ አንደበት በድንገት ሲያዝ በሐኪሙና በእነሱ መካከል የምትቆሙት እናንተው ስለሆናችሁ ነው።

ከሥሩ ልጀምር። ቅዳሜ የጂንካን ገበያ የዞረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ቋንቋው ይለወጣል። አሪ፣ ማሌ፣ ሀመር፣ በና እና ካሮ ኦሞቲክ ከሚባለው ወገን ናቸው። ጸማይ፣ አርቦሬና ዳሰነች ኩሽቲክ ናቸው። ሙርሲ፣ ቦዲና ኛንጋቶም ደግሞ የናይሎ ሰሃራ ቤተሰብ ናቸው። ከሌላ አካባቢ የመጣ ወጣት ሐኪም ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱንም አይችልም። ስለዚህ ያገኘነውን ሰው እንጠራለን፤ የግቢውን ጥበቃ፣ የጽዳት ሠራተኛዋን፣ አስታማሚውን፣ አንዳንዴም ከጎን አልጋ የተኛውን በሽተኛ። ለተሰበረ ክንድ ወይም ለተቅማጥ ይህ ይበቃል። ለአንጎል አይበቃም። በአንጎል ሕመም ላይ በሽተኛው የሚናገረው ነገር ስለ ሕመሙ የሚሰጥ መረጃ ብቻ ሳይሆን ራሱ ምርመራ ነው። ንግግሩ ወደ ላቦራቶሪ እንደሚላክ ደም ነው፤ መንገድ ላይ ያጠራው ሰው በጎ የሠራ ቢመስለውም ውጤቱን አጥፍቶታል።

አንድ ኪሎ ተኩል የማይሞላው የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት አሉት፤ ሥራውንም ተከፋፍሎ ነው የሚሠራው። ከግንባር ጀርባ ያለው ክፍል ያቅዳል፣ ስሜትንና ጠባይን ይገዛል። ከእሱ በስተኋላ በአናት ላይ ከጆሮ ወደ ጆሮ የተዘረጋው ሰቅ እንቅስቃሴን ያዛል፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሰቅ ደግሞ መዳሰስን ይቀበላል። በጆሮ በኩል ያለው ክፍል ይሰማል፣ አዲስ ትዝታንም ይይዛል። ከኋላ በኩል ያለው ያያል። ከማጅራት በላይ የተቀመጠው ትንሹ አንጎል እንቅስቃሴን ይመጥናል፣ ሚዛን ይጠብቃል፤ ከ86ቱ ቢሊዮን ሕዋሳት 69 ቢሊዮን ያህሉ እዚያ ናቸው። ከላይ የሚወርደው የእንቅስቃሴ ትእዛዝ ህብለ ሰረሰር ጋ ከመድረሱ በፊት አብዛኛው ስለሚሻገር ቀኝ እጅን የሚያዘው ግራ አንጎል ነው። በቀኛቸው ከሚሠሩ ሰዎች ውስጥ ከመቶ ከዘጠና በላይ በሚሆኑት ቋንቋም በዋናነት በግራ በኩል ነው። ቀኝ እጁ ዝሎ ንግግሩ የጠፋበትን ሰው ስናይ ግራ አንጎሉ ላይ ጣታችንን የምንጠቁመው በዚህ ምክንያት ነው።

የአንጎልን ፎቶ የሚያነሳ ሲቲ ስካን ጋ ለመድረስ ከዚህ በቀይ አፈር፣ በወይጦና በኮንሶ አድርጎ ወደ አርባ ምንጭ፣ አንዳንዴም ከዚያ ወዲያ መጓዝ ሊጠይቅ ይችላል። ቤተሰቡ ከብት ሸጦ ነው የሚነሳው። ማን ይላክ፣ ማን እዚሁ ይታከም የሚለውን በአብዛኛው የምንወስነው በዓይናችንና በእጃችን ነው። ቋንቋ የማይጠይቀው የምርመራው ክፍል ብዙ ያግዘናል። በሽተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ሁለት እጆቹን መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርጎ ሲዘረጋ፣ አንደኛው ቀስ እያለ ዞሮ ከወረደ በተቃራኒው ወገን ያለው አንጎል ታሟል። ሁለት ዓይኖቹ ወደ አንድ ጎን ተስበው ከቀሩና የዛለው እጅ በሌላው በኩል ከሆነ፣ በትልቁ አንጎል ስትሮክ ላይ ዓይኖቹ የሚያዩት ብዙውን ጊዜ ወደተጎዳው ወገን ነው። ትንሹ አንጎል ላይ ግን ሕጉ ይገለበጣል፤ የቀኙ ሲጎዳ የሚንገዳገደውም ቀኙ ነው። እንዲህ ያለው በሽተኛ እግሩን አንፈራጥጦ ስለሚራመድና ቃሉ ስለሚጎተት፣ በር ላይ የቆሙ ሰዎች «አረቄ ጠጥቶ ነው» ብለው ያሳልፉታል። የሀመር ወጣት በተሰለፉ ከብቶች ጀርባ ላይ ሳይወድቅ ሮጦ ሲሻገር እናውቀዋለን፤ እያንዳንዷን እርምጃ የሚመጥንለት ይኸው ትንሹ አንጎል ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራን የዓይን ብሌን ነው። የሙርሲ ጎበዞች በረጅም ዱላ በሚገጥሙበት ጊዜም ሆነ ሰው ከሞተር ሳይክል ሲወድቅ፣ አደገኛው ቦታ ከጆሮ በላይ ያለው የጭንቅላት ጎን ነው። አጥንቱ እዚያ ስስ ነው፤ ከሥሩ ደም ቧንቧ ያልፋል። ቧንቧው ሲበጠስ ሰውየው ተነስቶ ሊያወራ፣ ውሃ ሊጠጣ፣ ደህና ነኝ ሊል ይችላል። ከሰዓታት በኋላ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። የተጠራቀመው ደም አንጎሉን ሲገፋው የዓይኑን ነርቭ ይጫንና በተመታበት ወገን ያለው ብሌን ይሰፋል፤ ባትሪ ቢበራበትም አይጠብም። ያን ጊዜ የቀረን ሰዓት በጣም አጭር ነው። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው «ደህና ሆኗል፣ ተኝቷል» ከተባለ ቀስቅሱት። ይህን በየቀበሌው ብትናገሩት ሰው ታድናላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በሽተኛው የሚባለው ገብቶት እንደሆነ ለማወቅ ቀላል ትእዛዝ እንሰጣለን፤ ዓይንህን ጨፍን፣ በሩን አሳየኝ። አስተርጓሚው ሲያስተላልፍ በራሱ ቋንቋ እየተናገረ የራሱን ዓይን ይጨፍናል፣ በእጁም በሩን ይጠቁማል። ይህን የሚያደርገው ከደግነቱ ነው፤ ሰው ለሰው ሲያስረዳ እጁ ይንቀሳቀሳል። በሽተኛው ያየውን ይቀዳል፣ ሐኪሙም «ይገባዋል» ብሎ ይጽፋል። ያልገባው ሰው እንደገባው ተቆጠረ ማለት ነው። ስለዚህ እዚህ የቆዩ ሠራተኞች ለአስተርጓሚው መጀመሪያ የሚሉት ነገር አለ፦ «ወንድሜ፣ እጅህን ወደ ኋላ አድርግ፤ በአፍህ ብቻ ንገረው።» ጥበቃው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲናገር በሽተኛው ዝም ብሎ ካየው፣ ያ ዝምታ ሲቲ ስካን በሌለበት ትልቅ ውጤት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ማስተካከል ነው። አዛውንቱ «ስምዎ ማን ነው፣ ከየት መጡ?» ተብለው ሲጠየቁ ለረጅም ጊዜ ይናገራሉ። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፣ ዜማው የቋንቋቸው ዜማ ነው። አስተርጓሚው ትንሽ ተደናግሮ ይቆምና «ደህና ነኝ ነው የሚሉት» ይለናል። በእርግጥ የሰማው ግን ቃላቱ እርስ በርስ የማይያያዙ፣ ግማሾቹም በቋንቋው ውስጥ የሌሉ ንግግር ነው። ትልቅ ሰውን «ትርጉም የሌለው ነገር ይናገራሉ» ማለት ነውር መስሎት ሸፈነላቸው። በዚህች አንዲት ሽፋን ውስጥ የግራው አንጎል የጎን ክፍል ጉዳት ተደበቀ።

የቋንቋን ክፍሎች ዓለም ያወቀው እንደዚሁ አልጋ አጠገብ በማዳመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 ፓሪስ ውስጥ ፖል ብሮካ የተባለ ሐኪም ለቦርን የሚባል በሽተኛ ቀረበለት። ሰውየው ቢሴትር በተባለው ሆስፒታል ከሃያ ዓመት በላይ ኖሯል፤ የሚባለው ይገባዋል፤ ከአፉ የሚወጣው ግን «ታን» የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ሲሞት ብሮካ የራስ ቅሉን ከፍቶ በአንጎሉ ላይ በግራ ግንባር በኩል ታች ላይ ጉዳት አገኘ። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1874፣ ካርል ቬርኒኬ ተቃራኒውን ጻፈ፦ ንግግራቸው ሳይቋረጥ የሚፈስ፣ ግን የሚባለውም የማይገባቸው፣ የሚሉትም ትርጉም የሌለው በሽተኞች። የእነዚህ ጉዳት በግራው የጎን ክፍል ወደ ኋላ ነበር። ለቦርንን ያየ ሁሉ ታማሚ መሆኑን ያውቃል። የቬርኒኬን በሽተኛ ያየ ግን አብዷል ይላል። በእኛም አካባቢ እንዲህ ያለው ሰው ስትሮክ መትቶት ሳለ «አእምሮው ተነካ» ተብሎ ወደ ጠበል ወይም ወደ አዋቂ ይወሰዳል፤ ደም ግፊቱን የሚለካለት ሰው ሳያገኝም ሳምንታት ያልፋሉ። በድንገት፣ በአንድ ቀን ውስጥ ንግግሩ የተበላሸ ሰው አብዷል ከመባሉ በፊት ሐኪም ይየው።

ለአስተርጓሚው የምንነግረው ሁለተኛ ቃል እንግዲህ ይህ ነው፦ «እህቴ፣ አታስተካክዪው። የተሰበረውን እንደተሰበረ አምጪልኝ። ቃሉ በቋንቋችሁ ከሌለ የለም በዪኝ።» መጀመሪያ ያፍራሉ። አንዴ ሲገባቸው ግን ከማንኛችንም በላይ ጠቋሚ ይሆናሉ። «ቃሉን ያውቀዋል፤ ጫፉ ላይ ደርሶ ይጠፋበታል» ብለው ሲነግሩን አንድ የጽዳት ሠራተኛ የቋንቋ ምርመራ ሠራችልን ማለት ነው። እውቀቱ ያለው እነሱ ዘንድ ነው፤ እኛ የምናውቀው የት እንደሚውል ብቻ ነው።

መጽሐፉ ያስተማረን ጥያቄም እዚህ አይሠራም። በሽተኛው ነገር መሰየም ይችል እንደሆነ ለማየት እስክሪብቶና የእጅ ሰዓት እናሳያለን። ዕድሜውን ሙሉ ከብት ሲጠብቅ ለኖረ ሰው ግን ሰዓት መሰየም አለመቻል ምንም አይናገርም። አንትሮፖሎጂስቱ ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት ሙርሲዎች የቀለም ስሞቻቸውን ከከብት መልክ ጋር አስተሳስረው እንደሚጠቀሙ አሳይቷል። ስለዚህ ከሙርሲ ለመጣ እረኛ የሚሻለው ፈተና በስልክ ላይ ያለ የከብቶች ፎቶ ነው። ጤነኛ ሰው አከታትሎ ይሰይማቸዋል። ቀለሙን ለይቶ ከመሳዩ ጋር እያጣመረ ስሙ ብቻ ከጠፋበት የተነካው የቋንቋ ክፍሉ ነው። ሁሉም ግራጫ ሆኖ ከታየው ደግሞ ችግሩ ወደ ኋላ፣ ወደ ማያው ክፍል ነው። ሁለቱን በእስክሪብቶ መለየት አይቻልም።

«ዛሬ ወሩ ማን ነው?» የሚለውም እንዲሁ ነው። ሐኪም የበሽተኛውን ንቃት ለማወቅ ቀንና ወር ይጠይቃል። ይኸው ተርተን ከክላይቭ ራግልስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 በጻፈው ሥራ፣ ሙርሲዎች በየትኛው ወር ላይ እንዳሉ እርስ በርሳቸው በግልጽ እንደሚከራከሩና ይህም የአቆጣጠራቸው አካል እንደሆነ አስረድቷል። ጤነኞቹ በሚለያዩበት ጥያቄ ታማሚን መፈተን ፍርድ ማጓደል ነው። በዚህ ፈንታ እንዲህ እንጠይቃለን፦ አጠገብህ ያለው ማን ነው፣ ይህ ቦታ የምን ቦታ ነው፣ እዚህ በምን መጣህ፣ ከብቶቹ አሁን የት ናቸው? አብሮት የመጣው ልጁ መልሱን ያውቃልና ያረጋግጥልናል።

አንድ ተጨማሪ ምስጢር። ጂንካ ላይ ብዙ ሰው ሁለትና ሦስት ቋንቋ ይናገራል፤ በቤት አሪኛ፣ በገበያ አማርኛ። ስትሮክ ሁለቱን እኩል ላይመታ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1895 ፈረንሳዊው አልበር ፒትር እንደጻፈው አንዳንዶች ቶሎ የሚመለስላቸው ከሕመሙ በፊት አዘውትረው ይናገሩት የነበረው ቋንቋ ነው፤ ሌሎች ደግሞ የእናታቸውን ቋንቋ ያስቀድማሉ። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሐኪም በአማርኛ ጠይቆ መልስ ሲያጣ «ንግግሩ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል» ይላል። ሴት ልጃቸው ገብታ በአሪኛ ስታወራቸው ግን ይመልሳሉ። የማገገም ተስፋቸውም፣ የምናዝላቸው የንግግር ልምምድም ሌላ ይሆናል። በሽተኛውን የያዘ ቤተሰብ «በቤት የሚያወራው በምንድን ነው፣ በሥራስ?» የሚለውን ሳይጠየቅ ይንገረን።

ከንፈሯ ላይ ሸክላ የምታደርግ የሙርሲ እናት ስትመጣ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። እንደ በ እና መ ያሉት ድምፆች በሁለት ከንፈር መገጣጠም የሚሠሩ ናቸው፤ ከንፈሩ ሲለጠጥ ይለወጣሉ። የቋንቋ ምሁሩ ሞገስ ይገዙ በጎረቤት ሱሪዎች ወገን በሆኑት በቻዮች ዘንድ የከንፈር ሸክላ በንግግር ድምፅ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ አጥንቷል። አዲስ የመጣ ሐኪም ግን አንደበቷ እንደተያዘ ሊያስብ ይችላል። መልሱን የሚያውቀው አብሯት የመጣው ሰው ነው፦ «ትናንትም እንዲህ ነበር የምትናገረው?» ይህች ጥያቄ ካልተጠየቀች ጤነኛ ሴት የስትሮክ ካርድ ተይዛ ትወጣለች፤ የታመመችውም «የከንፈሯ ጉዳይ ነው» ተብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

በቀኝ አንጎል ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከሁሉም በላይ ድምፅ የለውም። ሰውየው ይናገራል፣ ይገባዋል፤ ነገር ግን በግራው በኩል ያለው ዓለም ለእሱ የለም። በሌላ አገር ይህን የሚያውቁት በሽተኛው ከሳህኑ ግማሹን ብቻ በልቶ ሲተው ነው። እኛ ዘንድ ሰው ከአንድ ገበታ የሚበላው ከፊት ለፊቱ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፤ መልካም ጠባያችን ምልክቱን ይሸፍነዋል። ስለዚህ አስታማሚዎችን የምንላቸው፦ በቀኙም በግራውም አንድ አንድ ቅል ሾፎሮ፣ ማለትም የቡና ገለባ፣ አስቀምጡለት፤ የግራውን ሳያየው ከቀረ ጥሩን። የፊት ክፍል ጉዳትም እንዲሁ ይደበቃል። እ.ኤ.አ. በ1848 አሜሪካ ውስጥ የብረት ዘንግ በግንባሩ ክፍል ያለፈበት የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ፊኒያስ ጌጅ እየተናገረና እየተራመደ ከአደጋው ተርፏል፤ ወዳጆቹ ግን የቀድሞው ሰው አይደለም አሉ። በሸንጎ ተራውን ጠብቆ ይናገር የነበረ ሽማግሌ ከወደቀ በኋላ ሰው መሳደብ ከጀመረ፣ «አረጀ» ወይም «ከፋ» ብላችሁ አትተዉት። ጠባይም የአንጎል ሥራ ነው፤ ለውጡን ሊነግረን የሚችለው አብሮት የኖረ ብቻ ነው።

የአንጎል ሕመም ሁሉ ግን አንድ ቦታ መርጦ የሚጎዳ አይደለም። ከቆላው የኦሞ ዳርቻ ራሱን ስቶ የሚመጣው ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ የምንፈራለት የአንጎል ወባን ነው። ፋልሲፓረም የተባለው ተውሳክ የያዛቸው የደም ሕዋሳት በመላው አንጎል ጥቃቅን ቧንቧዎችን ይዘጋሉ። እጅና እግሩ በሁለቱም ወገን እኩል ከዛለ፣ ፊቱ ካልተጣመመ፣ አንድ ቦታ መፈለጋችንን ትተን ደም ምርመራና መርፌ ላይ እንሮጣለን። ከዚያም በፊት ጣቱን ወግተን ስኳሩን እንለካለን፤ የወረደ ስኳር አንድ ጎንን አዝሎ ስትሮክ መስሎ ሊቀርብ ይችላልና። የንቃት መጠን የምንለካበት የግላስጎው መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ነው፤ ከ3 እስከ 15 ይቆጥራል። ከነዚህ ውስጥ 5ቱ የንግግር ነጥቦች ናቸው። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ከሌለ አንድ ጤነኛ የኛንጋቶም ወጣት ነጥቡ ሊወርድ ይችላል፤ የሚቃዠው ደግሞ እንደሚናገር ይቆጠራል። ሪፈር የሚጻፈው በዚህ ቁጥር ነው።

ስለሚጥል በሽታም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ሄደው በሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ጥናት ከ1000 ሰው 5.2 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው አሳይተዋል። ይህ ሕመም ከአንድ ቦታ ተነስቶ ሊስፋፋ ይችላል። እንግሊዛዊው ሂውሊንግስ ጃክሰን በ19ኛው መቶ ዘመን እንዳስተዋለው፣ መንቀጥቀጡ ከአውራ ጣት ተነስቶ ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ፊት ሲወጣ በአንጎሉ ላይ ያለውን የእንቅስቃሴ ሰቅ እየተከተለ ነው። እኛ ያን ቅጽበት አናየውም፤ የታመመው ልጅ እኛ ዘንድ ሲደርስ ተኝቷል ወይም ደክሟል። ያየው ወንድሙ ነው። ብዙዎች ይተላለፋል ብለው ፈርተው ይሸሻሉ፤ ልጁ እሳት ላይ የሚወድቀው ያን ጊዜ ነው። አይተላለፍም። አትሽሹ፣ ከእሳቱ አርቁት፣ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፤ ከየትኛው ጣት ወይም ከየትኛው የፊት ወገን እንደጀመረም ልብ በሉ። ስልክ ያለው ይቅረጸው። ያቺ የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ ከእኛ ሰፊ ጥያቄ ትበልጣለች።

አንዳንድ ጊዜ ከሌላ ቦታ የመጡ ሰዎች «የእነዚህ ሰዎች አእምሮ ሌላ ነው» ሲሉ እሰማለሁ። ይህን ስሰማ ያመኛል፤ ሐሰት ስለሆነም ነው። በዚሁ በኦሞ ሸለቆ፣ ኪቢሽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1967 የሪቻርድ ሊኪ ቡድን የራስ ቅሎች አገኘ። አንደኛው ዛሬ ቢያንስ 233 ሺህ ዓመት እንደሆነው በ2022 የታተመ ጥናት ያመለክታል፤ ከታወቁት የእኛ ዝርያ ቅሪቶች እጅግ ከጥንቶቹ አንዱ ነው። የራስ ቅል ውስጡ የአንጎልን አሻራ ይይዛል። ዘረሰናይ ዓለምሰገድና ባልደረቦቹ በዚህ መንገድ ከእኛ ዝርያ እጅግ ቀድመው የኖሩትን የዲኪካዋን ሕፃንና የሉሲን ዘመዶች ቅል መርምረው በ2020 እንዳሳተሙት፣ የእነዚያ አንጎል አደረጃጀት ወደ ቺምፓንዚ ይቀርብ ነበር፤ ቀስ ብሎ ማደጉ ግን ቀድሞ ጀምሯል። የዛሬ ሰው ሁሉ ግን አንድ ካርታ ነው የያዘው። የኤቨሊና ፌዶሬንኮ የምርምር ቡድን በ2022 ከ12 የቋንቋ ቤተሰቦች የተወሰዱ 45 ቋንቋዎችን ተናጋሪዎች አንጎል ሲያይ፣ ቋንቋ የሚሠራበት መረብ በሁሉም ዘንድ ተመሳሳይ ሆኖ አግኝቶታል። መረብ ያልኩትም በምክንያት ነው፤ ኒና ድሮንከርስ እ.ኤ.አ. በ2007 የለቦርንን አንጎል በኤምአርአይ ደግማ ስታየው ጉዳቱ ብሮካ ካየው ገጽ አልፎ ወደ ውስጥ፣ ክፍሎቹን ወደሚያገናኙት መስመሮች ዘልቆ ነበር። የሀመሩም የፓሪሱም ሰው የሚታመመው በአንድ ዓይነት ቦታ ነው። የሚለያየው እኛ የምንጠይቅበት መንገድ ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ የሚወጡት ሐኪሞች ጂንካ ሲደርሱም አሪኛ ወይም ሙርሲኛ ይዘው አይመጡም። ማሽኑም ይምጣ፣ ሐኪሙም ይምጣ፤ ሁለቱንም እለምናለሁ። ግን እስከዚያ ድረስና ከዚያም በኋላ አስተርጓሚ የሥራ መደብ ይሁን። ደመወዝ ይኑረው፤ የሕክምና ምስጢር መጠበቅን፣ እጅ ሳያንቀሳቅስ ማስተላለፍን፣ የተሰበረን ቃል እንደተሰበረ ማቀበልን ይማር። በየቋንቋው አንድ ገጽ ወረቀት ይዘጋጅ፤ የሚሰየሙ ዕቃዎች፣ የሚደገም ዓረፍተ ነገር፣ የሚታዘዝ ትእዛዝ። ቋንቋውን ከሚናገሩት ጋር፣ በጂንካ ዩኒቨርሲቲም ቢሆን በደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልም ቢሆን ተቀምጦ ሊሠራ የሚችል ነው። ከሲቲ ስካን ዋጋ ጋር ሲተያይ ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከእናንተ የምፈልገው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። የታመመ ሰው ይዛችሁ ስትገቡ ሕመሙ በስንት ሰዓት እንደጀመረ ያዙ። በየትኛው እጁ እንደሚሠራ ንገሩን። ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ እንደሚያወራ ንገሩን። እሱ ሊመልስ የሚገባውን እናንተ አትመልሱለት። ሲሳሳትም አትሸፍኑለት፤ እንዲከበር ስትሉ የደበቃችሁት ስህተት ሐኪሙ የሚፈልገው ምልክት ነው።